ባለ ሦስት ጭራዎቹ

ትንሽ ውሸት ሰው አይጎዳም የሚሉ አሉ። የእኔ ውሸት በአንድ የወተት ጣሳ ውስጥ ይገባ ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመት ግን ከእናቴ አራርቆኝ ኖሯል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው የኖርኩት ነገር፣ ለካስ የእኔን ሆድ ብቻ አልነበረም የፈጀው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሚሊኒየሙ የተከበረ ዓመት ነው። ቤታችን ከዓለም ጤና ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ትልቅ የሽንኩርት እርሻ ግርጌ ነበረ። እርሻውን መሐል ለመሐል አቋርጦ በእኛ ደጅ የሚያልፍ ቀጭን ወንዝ አለ። ስም እንኳን አልወጣለትም፤ «ወንዙ» ነው የምንለው።

በእኛ መንደር የሰው ጥርስ የበለዘ ነው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ የስምጥ ሸለቆ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። መንደሩ በሙሉ ደግሞ የሚቀዳው ከዚያው ጉድጓድ፣ ከቦኖው ነው። እናቴ ብቻ አትቀዳም። እናቴ ዘውድነሽ የምንጃር ሰው ናት፤ አባቴ ጫምሳ ነው አግብቶ ያመጣት። «ልጄ ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም» ብላ ስለማለች፣ በየማለዳው እጄን ይዛ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። እኔና እሷ የወንዙን እንጠጣለን፣ አባቴ የቦኖውን።

ነገሩ ለጥርሴ በጀኝ፤ ለእኔ ግን አልበጀኝም። የመንደራችን ልጆች የሚጫወቱት ቦኖው ጋ፣ ጀሪካናቸውን ወረፋ አስይዘው ነው። ወረፋ የሌለው ልጅ ጨዋታም የለውም። አንድ ቀን ደፍሬ ገመድ ልዘል ብሄድ፣ ዱሬቲ የምትባል የጎረቤት ልጅ «እስቲ ጥርስሽን አሳዪን» አለችኝ። ፈገግ አልኩ። ልጆቹ ሁሉ ተሰብስበው አዩት። «አየሽ፣ አንቺ የእኛ አይደለሽም» አለችና ገመዱን ወደ ሌላ በኩል ይዛው ሄደች። ከዚያ በኋላ ወደ ቦኖው አልሄድኩም። ከሰዓት ፈረቃ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ በቃ። ከሰው ጋር ነኝ የምለው ጠዋት ጠዋት ከእናቴ ጋር ወደ ወንዙ ስንወርድ ብቻ ነበር።

እንግዲህ በዚያው በጋ ነው ቲቸር ፍሬሕይወት የመጣችው። አስተማሪ አልነበረችም፤ አዳማ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ተማሪ ናት፤ እኛ ግን ደብተር የያዘን ሁሉ ቲቸር ነው የምንለው። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ቦቲ ጫማ፣ እጀታው ረጅም የሆነ መረብ፣ አንድ ነጭ ትሪ ይዛ በባጃጅ መጣች። የወንዙን ጤና ልትመረምር ነው ተባለ። ወንዝ ይታመማል እንዴ ብዬ ገረመኝ። ሦስት ቀን፣ ሦስት ቦታ ነው የምትሠራው፦ መጀመሪያ ላይኛው ምንጭ፣ ቀጥሎ እናቴ የምትቀዳበት መልካ፣ በመጨረሻ የአስፋልቱ ድልድይ ሥር። መንገድ እንዳሳያት እናቴ ፈቀደችልኝና በመጀመሪያው ቀን አብሬያት ወደ ምንጩ ወጣሁ።

ምንጩ ሩቅ ነው፤ ከእርሻው በላይ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ፣ ከቀይ አፈር መሐል ይፈልቃል። ለልጅ እግር ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቲቸር ውሃው ውስጥ ገብታ መረቧን ተከለችና ከፊቱ ያሉትን ድንጋዮች በእግሯ አተራመሰቻቸው። ከዚያ መረቡን ትሪው ላይ ገለበጠችው። መጀመሪያ ያየሁት ቆሻሻና ቅጠል ብቻ ነበር። «ዝም ብለሽ ጠብቂ» አለችኝ። ጠበቅሁ። ቆሻሻው መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ይቺን አየሻት? ጭራዋን ቁጠሪ።»

ከሩዝ ፍሬ ትንሽ የምትበልጥ ነገር ናት። ቆጠርኩ፤ ሦስት።

«እነዚህ ባለ ሦስት ጭራዎች ቆሻሻ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን አያድሩም። እነሱ ካሉ ወንዙ ጤነኛ ነው፤ ከሌሉ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ወንዝ አፍ የለውም፤ የሚናገሩለት እነዚህ ናቸው።»

ዱሬቲ ካባረረችኝ ወዲህ እንዲህ አድርጎ ያናገረኝ ሰው አልነበረም። ስንመለስ በእናቴ መልካ በኩል አለፍን። ቲቸር ለሙከራ ብላ አንድ ድንጋይ ገለበጠች። ከሥሩ ቀጫጭን ቀይ ትሎች ተጥመለመሉ፤ ባለ ሦስት ጭራ የለም። ሌላ ገለበጠች። ያው ነው። «እህ» አለች። «ነገ በደንብ እናየዋለን።»

በዚያው ቀን አመሻሽ፣ እናትና አባቴ ከቤት ሲነጋገሩ እኔ ከደጅ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር።

«ያቺ ልጅ ወንዙ ጥሩ አይደለም ካለች ነገሩ አለቀ» አለ አባቴ። «ከነገ ወዲያ እንደ ሰው ቦኖ ትቀጃለሽ።»

«ወንዙ ካልሆነማ እዚህ ምን አስቀመጠኝ?» አለች እናቴ። «ምንጃር፣ እናቴ ቤት እገባለሁ።»

«ልጅቷስ?»

እናቴ አልመለሰችም። ምጣድ ይሁን ድስት፣ አንድ ነገር አነሳች፤ አስቀመጠች። አባቴም አልደገመም። እኔ ግን መልሱን ሰማሁት። ወንዙ ፈተናውን ከወደቀ እናቴ ትሄዳለች፤ እኔን ጥላ ትሄዳለች። ዝም ያለችው ለዚያ ነው አልኩ። የልጅ ጆሮ ዝምታን ባዶ አድርጎ አይተወውም፣ በፍርሃት ይሞላዋል።

አባቴንም በዚያ ምሽት ጠላሁት። ከቦኖው ልጆች ጋር የወገነብኝ መሰለኝ። ነፍሱን ይማረውና፣ አባቴ የእርሻው መድኃኒት ረጪ ነበር። መርጫውን ጀርባው ላይ አዝሎ ሽንኩርቱ ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ ይውልና፣ ማታ ዕቃውን የሚያለቀልቀው ከመልካችን ሁለት መቶ እርምጃ ከፍ ብሎ ነው። አለቃው እዚያ እጠብ ብሎታል፤ ያጥባል። እናቴ ወንዙን እንድትተወው የነዘነዛት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ምክንያቱን ቢናገር እንጀራው ነው፣ ባይናገር ልጁ ናት። ሰውየው ያለችውን አንድ መንገድ ነው የሞከረው፤ መቆጣት።

እኔ ደግሞ የራሴን መንገድ ሞከርኩ።

በማግስቱ ሰማዩ ገርጣ ሲል የወተት ጣሳ ይዤ፣ ቁርስ ሳልበላ ወደ ምንጩ ሮጥኩ። እንደ ቲቸር ድንጋይ እየገለበጥኩ ባለ ሦስት ጭራዎቹን በጣቴ ለቀምኳቸው። ያመልጣሉ፣ ይንሸራተታሉ፤ ውሃው ደግሞ እጅ ያደነዝዛል። ሃያ ሁለት ስደርስ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ጣሳውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እንዳይፈስ እየተጠነቀቅሁ ቁልቁል ወረድኩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። መጀመሪያ ይዋኙ ነበር፤ በኋላ ላይ ዝግ አሉ። ደክሟቸው ነው አልኩ። መልካችን ስደርስ ቲቸር ከምትቆምበት ቦታ ከፍ ብዬ ድንጋዮቹ መሐል ደፋኋቸውና «እባካችሁ እዚሁ ኑሩ» አልኳቸው።

ቲቸር ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። መረቧን ተከለች፣ ድንጋዮቹን አተራመሰች፣ ትሪው ላይ ገለበጠች። ባለ ሦስት ጭራዎቹ ነበሩ! እኔ ደስ አለኝ፤ እሷ ግን አልተደሰተችም። ለረጅም ጊዜ ትሪውን አየችው፤ ቀጥሎ እኔን፤ ከፊቴ ጀምራ እስከ ቀሚሴ ጫፍ።

«ገላኔ፣ ዛሬ ቁርስ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ ሰጠችኝ። ሙሉውን ፓኮ! ወንዙ ፈተናውን አልፏልና የደስ ደስ ነው ብዬ አንድ በአንድ ቆጥቤ በላሁት። እሷ ደብተሯ ላይ ስትጽፍ፣ ስትጽፍ ቆየች።

እናቴ ወርዳ ቀድታ ስትጨርስ ግን ቲቸር ራቅ ወዳለው ግራር ሥር ወሰደቻት። የሚሉት አይሰማኝም። ቲቸር ወደ ምንጩ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ በእጇ ስታሳይ አየሁ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዞር ብላ አየችኝ፤ እስከዚያ ቀን አይታኝ በማታውቀው ዓይን። ከዚያ የሞላችውን ጀሪካን ዘቅዝቃ መሬት ላይ ደፋችው። ተያዝኩ አልኩ። ውሸታም ልጅ ወልጃለሁ ብላ ነው የደፋችው።

አልተቆጣችኝም። አልመታችኝም። አንድ ቃል አልወጣትም። ብትመታኝ ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።

በማግስቱ ስነቃ እናቴ የለችም። አሥር ሊትር የምትይዘው ነጭ ጀሪካንም የለችም። ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ አጎንብሳ መጣች። «እማ፣ የት ሄድሽ?» ስላት «አንቺ ተኚ» አለችኝ። በማግስቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም። እጄን ይዛ ወደ ወንዝ መውረድ ቀረ። በዓለም ላይ የነበረችኝን አንዲት ጓደኛ በሃያ ሁለት ትል ለወጥኳት።

ሌላም ነገር መጣ። ያች ነጭ ጀሪካን የእኔ ብቻ ሆነች። እናቴ ከእኔ ጋር ከአንድ ጀሪካን መጠጣት ተወች፤ ከአባቴ ጋር የቦኖውን መጠጣት ጀመረች። አንድ ቀን በኩባያዬ ቀድቼ «ጠጪልኝ» ብዬ ሰጠኋት። «ያንቺ ነው፣ አንቺ ጠጪው» ብላ በእጇ መለሰችው። ተጸየፈችኝ አልኩ። ማጀት ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ፤ እንዳይሰማ ነጠላዋን ነክሼ።

ጎረቤታችን ዲንቄ ደግሞ አፏ አያርፍም። «እናትሽ ማለዳ ማለዳ ወዴት ነው የምትጠፋው? ምንጃር በዚያ በኩል ነው እንዴ?» ትለኛለች እየሳቀች። ቀልዷ ነበር ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። በሩ ሲጢጥ እንዳለ እነቃለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እርምጃዋን አዳምጣለሁ፤ ስትርቅ እነሳና ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ እቀመጣለሁ። ዛሬ አትመለስም፣ ዛሬስ አትመለስም እያልኩ መንገዱን አያለሁ። ብቅ ስትል ሮጬ ገብቼ የተኛሁ እመስላለሁ። ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ድንጋይ ላይ ነው፤ ቦኖው ጋ አይደለም። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አዳማ፣ የአባቴ እህት ቤት ላኩኝ። «ለትምህርቷ ነው» ተባለ። እናቴ ጉልበቷን በጨርቅ አስራ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ እንኳን አልተሰናበትኳት። አሁንስ ጣለችኝ፣ ተገላገለችኝ ነው ያልኩት።

ከዚያ በኋላማ ምን ይነገራል? ተማርኩ። ለበዓል እሄዳለሁ፣ አንድ ቀን አድሬ እመለሳለሁ። ስልክ እደውላለሁ፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ቻው። ሥራ ያዝኩ፤ የሚገርመው ነገር የያዝኩት ሥራ የውሃ ምርመራ ነው፣ አዳማ ያለ ላቦራቶሪ ውስጥ። እናቴ ከዓመት ዓመት አንገቷ እየደረቀ ሲሄድ አየሁ። ዞር ማለት አቃታት፤ ከኋላዋ ስትጠራ መላ ሰውነቷን ነው የምታዞረው። የእርጅና ነው ትላለች። በእኔ ሙያ ያለ ሰው ይህን ሊስት አይገባውም ነበር። ፍሎራይድ ጥርስ የሚያበልዘው በልጅነት ነው፤ ካደጉ በኋላ ዓመታት ሲጠጡት ግን የሚይዘው አጥንት ነው። ይህን በየሳምንቱ ለሰው አስረዳለሁ። ለእናቴ አንገት ግን አስቤው አላውቅም፣ የቦኖውን ውሃ መጠጣት ለምን እንደጀመረች አውቃለሁ ብዬ እምል ነበርና።

ባለፈው ወር አለቃዬ ዘካርያስ ጠራኝ። «በዓለም ጤና በኩል አንዲት ወንዝ እንደገና ልንመረምር ነው። ከዚህ በፊት የተሠራ ጥናት ካለ ፈልጊልኝ» አለኝ። የት እንደሆነ ካርታው ላይ ሲያሳየኝ የእኛ ወንዝ ሆኖ አገኘሁት። ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አቧራ ከጠጡ ጥናቶች መሐል አገኘሁት። ከፊቱ የፍሬሕይወት ስም አለ። ከኋላው የመስክ ማስታወሻዋ ፎቶ ኮፒ ተያይዟል፤ በእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ። ሁለተኛውን ቀን ገለጥኩ።

«መልካው ላይ ባለ ሦስት ጭራ ሃያ ሁለት ተገኘ። ሁሉም ከላይኛው ምንጭ በእጅ የመጡ ናቸው፤ ግማሾቹ ሞተዋል። ውጤቱ ውስጥ አላስገባኋቸውም። ያመጣቻቸው ልጅ ቀሚሷ በምንጩ ቀይ ጭቃ ተለውሷል፤ ቁርስም አልበላችም። ድንጋይ ሥር ያለው ቀይ ትል ብቻ ነው። የእርሻው መርጫ የሚታጠበው ከመልካው በላይ ስለሆነ ውሃው ለመጠጥ እንደማይሆን ለእናቷ ነገርኳት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከምንጩስ? ንጹሕ ነው አልኳት። ልጅቷን እንዳትቆጣት ለመንኳት። እንኳን ልቆጣት አለችኝ።»

ከምንጩስ። ሁለት ቃል እንኳን አይሞላም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ሦስት ዓመት፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አሥር ሊትር ጀርባ ላይ። አሥር ሊትር ለመጠጥም ለማብሰያም ለሁለት ሰው አትበቃም፤ እሷ የቦኖውን የጠጣችው ለዚያ ነው። ጉልበቷ እምቢ ያለው ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ ያኔ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ወዳለበት ከተማ ላከችኝ። ጠባቂው መዝጊያ ሰዓት ነው ሲለኝ ነው የተነሳሁት።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከአዳማ በሚኒባስ፣ ከዓለም ጤና በባጃጅ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ደጃችን ደረስኩ። እናቴ ያች ድንጋይ ላይ፣ እኔ የምቀመጥባት ድንጋይ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። ከኋላዋ መጥቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ገላኔ ነሽ? ምነው ያለ በዓል? ደህና አይደለሽም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። እማ፣ ያኔ ማለዳ ማለዳ የምትሄጂው ምንጩ ጋ ነበር?»

ቢላዋዋ ቆመ። ቀጥሎ መላጡን ቀጠለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ቲቸር ጽፋዋለች።»

«ቀባጣሪ» አለች፤ ግን ፈገግ ብላ ነው።

«ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ዓመት?»

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ በባዶ ሆዷ የደረሰችበት ምንጭ እኔን ያቅተኛል?»

የሽንኩርት ልጣጭ ከመሬት አንስቼ በጣቴ ቆራረጥኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ለምን ይዘሽኝ አልሄድሽም? አብሬሽ እሄድ ነበር እኮ።»

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነዋ። ለአንቺ ብነግርሽ አባትሽ ይሰማል፤ በእጁ የሚያጥበው መርዝ ልጁ አፍ እንደሚገባ ቢሰማ ምን ይሆን ነበር?» ሽንኩርቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው። ያን ቀን ያቺን ታህል እግርሽን እያየሁ፣ እሷስ እንቅልፏን ትጥገብ አልኩ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም የተባለበትን ሰው ግን ይነቅዛል። ይህን ልላት ነበር፤ አላልኩም። ሌላ ነገር ነው ከአፌ የወጣው።

«እማ፣ እኔ እኮ አልተኛሁም ነበር።»

«መቼ?»

«አንድም ቀን። በሩ ሲጢጥ ሲል እነቃለሁ፤ እስክትመጪ እዚህ ድንጋይ ላይ ነበርኩ። የማትመለሺ እየመሰለኝ።»

እናቴ ልታየኝ ፈለገች። አንገቷ አልዞር አላት፤ ትከሻዋን ልታዞር ሞከረች፣ እሱም አልሆነላት። እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ቀሚሴን ፈለገች፤ ያዘችው።

«እስቲ ወደ ፊቴ ነይ» አለችኝ። «ልይሽ።»

ተነሳሁና ከፊቷ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።